ከሕያው ፈረስ ያልተቆረጠ

የለሚ ወንዝ አንድ ማለዳ ወደ ኋላ ፈሰሰ። የሳርማህል አገር ሽማግሎች ምልክቱን አወቁት። በተራራው ሆድ ውስጥ ለዘመናት የተኛው አውሬ፣ ዶርቃ፣ ነቅቶ ምንጩን መጠጣት ጀምሯል። በሦስተኛው ቀን ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆነ። ውሃ ፍለጋ ወደ ምንጩ ከወጡት መካከል የተመለሰ የለም። የጋጣ ሠራተኛዋ የሰርካዊት እናትና ታናሽ እህቷም አብረው ወጥተው ነበር።

ሰርካዊት አላለቀሰችም። መጥፋታቸው በተሰማ ዕለትም እንደ ወትሮዋ ወደ ንግሥቲቱ ጋጣ ሄዳ ጉም የተባለውን ነጭ ፈረስ ጭራ ስትንከባከብ ዋለች። ሰባት ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። ቋጠሮውን በጣቶቿ ከጫፍ ጀምራ ወደ ላይ ትፈታለች፤ ደረቁን አበጥራው አታውቅም። ለብ ባለ ውሃ አጥባው ዘይት በመዳፏ አሽታ ትቀባዋለች። ከዚያም ደም እንዳይታገድ ከጭራው አጥንት በታች ጀምራ ላላ አድርጋ ትጎነጉነዋለች፤ እሾህ እንዳይዘውም በጨርቅ ከረጢት ትከተዋለች። ጭራው ሲፈታ መሬት ይጠርጋል። እጆቿ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም።

ንግሥት ማዕዶት አስጠራቻትና የጥንቱን ትንቢት በአደባባይ አስነበበች። «ዶርቃን ብረት አይወጋውም፤ ገመድም አይዘውም። ከሕያው ፈረስ ያልተቆረጠ፣ መሬት የሚነካ ጭራ ግን ወደ ፀሐይ ይጎትተዋል፤ ፀሐይ ባገኘው ጊዜም ድንጋይ ይሆናል።»

እንዲህ ያለ ጭራ ያለው ፈረስ በመንግሥቱ አንድ ብቻ ነበር።

ሰርካዊት ተንበረከከች። «ንግሥት ሆይ፣ በአባቶቼ ዐፅም እምላለሁ። አንድ ፀጉር ሳይበጠስ ከዶርቃ ደጅ አደርሰዋለሁ።»

ሕዝቡ በድፍረቷ ተደነቀ። ድፍረት ግን አልነበረም። ፍርሃቱን በውስጧ ፈልጋ አጣችው።

ፈረሱን ከውርንጭላነቱ ያሳደጉት አዛውንቱ ባልደራስ ጎንጤና ዳርሞ የተባለው ጦረኛ አብረዋት ወጡ። መንገዱ አምስት ቀን የሚፈጅ የግራር በረሃ ነበር። በዚያ አገር ክንፋቸው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ድንቢጥ የሚያካክሉ ዝንቦች አሉ። የጉም ጭራ ስለታሰረ ሊከላከላቸው አልቻለም። ስለዚህ ሰርካዊት ቅጠላም ቅርንጫፍ ይዛ ቀኑን ሙሉ ከኋላው እየተራመደች አባረረችለት። ዝንቦቹ ክንዶቿን ነክሰው አደሟቸው፤ እሷ ያስተዋለችው ጎንጤ ሲነግሯት ነው።

በአራተኛው ቀን የግራር ሙጫ ከረጢቱን አልፎ ጭራው ላይ ተጣበቀ። ሰርካዊት የራሷን የመጠጥ ውሃ አውጥታ በፀሐይ አሞቀችና ሙጫውን በትዕግሥት አለቀለቀችው። ዳርሞ ተቆጣ፤ በጥም ብትሞት ማን ሊጎነጉነው እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ሙጫውን ማጠቧን ቀጠለች። ጎንጤ ከራሳቸው ኮዳ ግማሹን ቀድተው አጠጧት።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከዋሻው ደረሱ። ሰርካዊት ከረጢቱን አወለቀች፤ ጭራውን አጥብቃ ጎነጎነችና ጫፉን እንደ ሸምቀቆ ቋጠረችው። ዳርሞ በጦሩ ጋሻውን እየደበደበ አውሬውን ጠራው። ዶርቃም ወጣ፤ ዓይን የሌለው፣ የደረቀ ጭቃ የመሰለ ቆዳ ያለው ግዙፍ ራስ ከጨለማው ብቅ አለ። ዳርሞ ሸምቀቆውን በአውሬው አንገት አጠለቀ። ጎንጤ ልጓሙን ይዘው ጮኹ፤ ጉምም ጎተተ። አረፋ ደፈቀ፤ ከጭራው ግን አንዲት ፀጉር አልተበጠሰችም።

የዶርቃ ራስ ፀሐይ አገኘውና ድንጋይ ሆነ። ድንጋይነቱ ግን በአውሬው አንገት ላይ አልቆመም። ፀጉር በፀጉር ጭራውን ተከትሎ ወደ ፈረሱ ይወጣ ጀመር።

ዳርሞ ጩቤውን ለሰርካዊት አቀበላት። «ቁረጪው፤ ፈረሱን እናትርፍ።»

ሰርካዊት ወደ ዋሻው ተመለከተች። የአውሬው ግማሽ አካል ገና ጨለማው ውስጥ ይወራጫል። ጭራው ከተቆረጠ አውሬው ወደ ምንጩ ይመለሳል። ጎንጤን አየቻቸው፤ አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ።

ጩቤውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ጉም ራስ ሄዳ ግንባሩን በግንባሯ ደገፈችው። «ትንሽ ብቻ፤ አንድ እርምጃ» አለችው። ጉም አንዱን እርምጃ ተራመደ። አውሬው ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ላይ ወጣ። የጉም ትኩስ ትንፋሽ ፊቷን ነካት፤ ከዚያ ትንፋሹ ቆመ፤ ግንባሩም ቀዘቀዘ።

ከዋሻው ውስጥ ውሃው ገንፍሎ ወጣ፤ በድንጋዩ ፈረስ እግሮች መካከል አልፎ ወደ ሳርማህል ቁልቁል ወረደ። ዳርሞ እስከ ወገቡ ገብቶ ይስቅ ነበር። ጎንጤ ከዳር ተቀምጠው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ።

ሰርካዊት አጠገባቸው ተቀመጠች። እናቷን፣ እህቷን፣ ፈረሱን አንድ በአንድ አሰበች፤ እንባ ግን አልመጣላትም።

«ባልደራስ፣ እኔስ መቼ ነው የማለቅሰው?»

ጎንጤ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ። «አላውቅም ልጄ» አሏት። «እስኪመጣልሽ ግን ብቻሽን አትሄጂም።»

እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ሦስቱም የውሃውን ዳር ዳር ይዘው በእግራቸው ወደ አገራቸው ወረዱ።