ከበታቼ የነበረው መንጠቆ

ስለ መንፈስ የሚያወሩ ሰዎችን ፊት ለፊት ስስቅባቸው የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ዛሬም አላምንም፣ የሆነውን ግን እንደሆነው ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ማጂ ላይ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ገደል አናት ላይ የሬዲዮ አንቴና ነበር፣ ሠራተኞቹ እንዲወጡበት ዐለቱ ላይ የብረት ችንካር ተመትቶ፣ ከጎኑ ወፍራም ሽቦ ከታች እስከ ላይ ተወጥሯል። ወገባችሁ ላይ ቀበቶ ታስራላችሁ፣ የቀበቶውን መንጠቆ ሽቦው ላይ እየሰካችሁ ትወጣላችሁ፣ ብትንሸራተቱም ይይዛችኋል።

አንቴናውን የሚጠግነው ዘለቀ ጎረቤቴ ነበር፣ መውጣቱን አስተምረኝ እያልኩ ስጨቀጭቀው ከርሜ እሺ አለኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ይህን ሰምተው አስጠሩኝና፣ ገደሉ ለሴት እንደማይሆን፣ ከሰዓት በኋላማ የአገሩ ሰው እንኳ እንደማይጠጋው ነገሩኝ።

«እንግዲያው ዛሬ ከሰዓት እወጣለሁ» አልኳቸው፣ ወጣሁም።

ዘለቀ ቀደመ፣ እኔ ተከተልኩ። ግማሹን እንዳለፍኩ ጉም መጥቶ ዋጠን። መንጠቆዬን ቀጭ አድርጌ ስሰካ፣ ከበታቼ ሌላ ቀጭ ሰማሁ። የገደል ማሚቶ ነው ብዬ ቆም አልኩ፣ እኔ ቆሜም ሽቦው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እመኑኝ፣ ልክ ሰው ሲንጠላጠልበት እንደሚሆነው። ሊቀመንበሩ የሚመልሰኝ ሰው የላኩ መሰለኝና ተናደድኩ።

«ማን እንደሆንክ ባላውቅም አልመለስም፣ ለላከህ ንገረው» አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ እርጥቡ ችንካር እግሬን ሲያዳልጠኝ፣ አንድ መዳፍ የሸራ ጫማዬን ከሥር ደግፎ ወደ ቦታው መለሰልኝ። ሙቀቱ ተሰምቶኛል።

አናቱ ላይ ስደርስ የዘለቀ ፊት አመድ መስሏል።

«ከኋላሽ ያለው ማነው?» አለኝ።

ቀጭ ቀጩ ከሥር እየቀረበ መጥቶ አፋፉ ሥር ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ጉም ብቻ። ዘለቀ እዚሁ አድራለሁ እንጂ አልወርድም አለ፣ እኔ ግን በፍርሃት ታስሬ ላድር አይደለም የወጣሁት፣ «መንገድ ልቀቅ፣ እየወረድኩ ነው» ብዬ ሽቦውን ያዝኩ።

እንዳልኩትም ቀጭ ቀጩ ከፊቴ እየቀደመ ወረደልኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ያቺን ቦታ ዐይኔን አፍጥጬ አለፍኳት፣ ምንም የለም። ወዲያው ከላዬ ቀጭ ማለት ሲጀምር፣ ዘለቀ ደፍሮ ተከተለኝ ብዬ ደስ አለኝ፣ እስከ ታች ድረስ በፍርሃቱ እየቀለድኩበት ወረድኩ።

መሬት ረግጬ ቀና ስል ጉሙ ተገፍፏል። ዘለቀ አናቱ ላይ፣ ከተውኩት ቦታ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ሽቦው ግን አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር።