ለሐኪም የተቀዳው እንቅልፍ

ቲቸር ምትኩ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ ቀመር ሲጽፍ ከኋላ ወንበር ማንኮራፋት ተሰማ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አዜብ ግን ክው ብላ ቀረች። ማንም አስመስሎ ያወጣው ድምፅ አልነበረም፤ ከስልክ ነው የሚወጣው። ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ አለ፤ ጸጥታው ረዘመ፤ ከዚያ የታነቀ ሰው ሲቃ ተከተለ። ወዲያው ደግሞ አንዲት ልጅ በድንጋጤ፣ «አባዬ! አባዬ፣ ተነስ!» ስትል ተሰማች።

ልጅቷ ራሷ አዜብ ናት። የሚያንኮራፋው ደግሞ ሰሌዳው ፊት የቆመው የፊዚክስ አስተማሪ፣ አባቷ።

«ቲቸርን ዱካክ ያዘው!» አለ አንዱ። ሳቁ ባሰ። ምትኩ ጠመኔውን አስቀመጠ፤ እጁን አራገፈ፤ አዜብን አንድ ጊዜ አየት አድርጎ ደወል ሳይደወል ወጣ።

ኧረ ለመሆኑ ይህ ድምፅ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? ነገሩ እንዲህ ነው። የምትኩ ኩላሊት ከደከመ ቆይቷል። በቅርቡ ደግሞ ወንበር ላይ ሁሉ እንቅልፍ ይጥለው ጀመር፤ የደም ግፊቱም በመድኃኒት አልወርድ አለ። የአዜብ እናት እታገኘሁ የጭልጋ ሰው ናትና «ሲተኛ የሚያንቀው ዱካክ የሚሉት ክፉ መንፈስ ነው» ብላ፣ ብረት ያባርረዋል በሚል ትራሱ ሥር መቀስ አኖረችለት። ሐኪሙ ዶክተር ህሩይ ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። «እስቲ ሲተኛ ድምፁን ቅጂልኝ» አሏት አዜብን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል ቀዳችውና ላከችላቸው።

«እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ይቋረጣል» አሉ ዶክተሩ። «ኩላሊት ሲደክም ትርፍ ውሃ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ሲጋደም ወደ አንገት ይወጣና ጉሮሮውን ያጠበዋል። ትንፋሹ በታፈነ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ደግሞ ተመልሶ ኩላሊቱን ይጎዳል።» ከምርመራው በኋላ በጭንብል አየር የሚነፋ መሣሪያ በውሰት ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ የሰውየው ፊት በራ። ክፍል ውስጥ መቀለድ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ያን ድምፅ ከዶክተሩ ሌላ አዜብ የላከችለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የልብ ጓደኛዋ ቤዚ።

በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤቱ ጋ አገኘቻት።

«ቤዚ፣ ላንቺ ብቻ እኮ ነበር የላክሁት!»

«ባክሽ አታካብጂ! ለዚያ ለኋላ ወንበሩ ጌቾ ብቻ ነው የላክሁት። እሱ የክፍሉ ግሩፕ ላይ እንደሚለቀው በምን ላውቅ?»

«አባቴ በሽተኛ መሆኑን እያወቅሽ?»

«ኧረ? አንቺስ ስትልኪው የሳቅ ምልክት ደርድረሽበት አልነበር? ላሳይሽ?»

እውነት ነው። ያን ቀን አዜብ «ፈራሁ» ብሎ መጻፍ አሳፍሯት ነው ሳቁን የደረደረችው። ቁስቋም ሰፈር አንድ ላይ ያደጉ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት የሚገምጡ ጓደኛሞች ነበሩ። ይኸው ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!

«ስሜን ከጠራሽ» አለች ቤዚ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ያንን መልእክትሽን ለቲቸር ነው የማሳየው። ዝም ካልሽ ግን ዝም ነኝ።»

አዜብ ቤት ስትገባ፣ መሣሪያው ካርቶን ውስጥ ገብቶ በገመድ ታስሯል። እናቷ አባቷን ትለምናለች።

«ምነው ምትኩ፣ ተው እንጂ! ሸጋ እየሆንህልኝ አልነበር?»

«ነገ ይመለሳል። ለሐኪም ብዬ የሰጠሁት ገመናዬ ገበያ ወጣ! ህሩይ ጨዋ ሰው መስሎኝ። ሁለተኛ እዚያ ደጅ አልረግጥም፤ መሣሪያውም ክትትሉም በቃኝ።» ከዚያ አዜብን አያትና ድምፁ ለዘብ አለ። «አይዞሽ ልጄ። አንቺንም ከእኔ ጋር መሳቂያ አደረጉሽ።»

ይህ «አይዞሽ» ከቤዚ ዛቻ ይልቅ ወጋት። ዝም ብትል ቤዚም ዝም ትላለች፤ አባቷም ሲያጽናናት ይኖራል። የሚመለሰው ካርቶኑ ብቻ ነው። ብቻ? ካርቶኑ ከሄደ፣ ክትትሉ ከቀረ፣ አባቷስ?

«ዶክተሩ አይደሉም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ለቤዚ ላክሁላት፤ እሷ ደግሞ አሳልፋ ሰጠችው።» ስልኳን ከፍታ መልእክቱን እንዳለ፣ ከነሳቁ አቀበለችው።

ምትኩ መነጽሩን አስተካክሎ አየ። ደግሞ አየ።

«ሳቅሽብኝ?»

«አልሳቅሁም። ፈርቼ ነበር።»

«ፈራሁ አይባልም?»

እታገኘሁ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። ምትኩ ስልኩን መለሰላት።

«ሰውየውን በከንቱ አማሁት» አለ በመጨረሻ። «ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አብሬህ ልምጣ?» በየቀጠሮው የምትከተለው፣ የመድኃኒቱን ስም የምትይዝለት እሷ ነበረች።

«አይ። እናትሽ ትምጣ።»

አዜብ ጎንበስ ብላ የካርቶኑን ገመድ ፈታች። መሣሪያውን አውጥታ አልጋው ራስጌ አኖረች፤ ጭንብሉን ለብ ባለ ውሃ አጥባ እንዲደርቅ ሰቀለችው። አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነው። «ተይው» ግን አላላትም።