መኪናዋ የጠጣችው መድኃኒት

«ይሄንን ነው ዘይት የምትለኝ?» አለ መካኒኩ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከሞተሩ መዝዞ የፌንጣ አባት አፍንጫ ሥር ያዘው። ጫፉ ላይ ያለው ነገር ጥቁርም ቡናማም አልነበረም፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። አባቷ በጣቱ ነካው፣ አሸው፣ ከዚያ ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም።

ፌንጣ በሩ አጠገብ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች አንዱ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ፌንጣ ብሎ የሰየማት አባቷ ነው፣ እግሯ ከቀረው አካሏ ቀድሞ ስላደገ። ዓርብ ግማሽ ቀን ነው የሚማሩት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቅርቡ የገዟት የታክሲ መኪና ዳገቱ መሃል ነጭ ጭስ ስታወጣ፣ አባቷም ወደ ጥግ ሊያስጠጋት ብቻውን ሲገፋ አገኘችው። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሌላ መኪና ይጠብቁ ነበር። አንዳቸውም አላገዙትም።

«ውሃው ወደ ዘይቱ ገብቷል» አለ መካኒኩ። «ቴስታታው ተሰንጥቋል። ቆይ፣ ሌላም ጉድ አለልህ።»

ፌንጣ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን መሆኑን አታውቅም፤ መጥፎ ነገር መሆኑን ግን ከአባቷ ፊት ተረዳችው። መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሽቦ ሰደደና የረጋ ቡናማ ዝቃጭ ጎልጉሎ አወጣ።

«ይኸውልህ። ማሸጊያ ነው፣ በጠርሙስ የሚሸጠው። ራዲያተር ውስጥ ሲጨምሩት ስንጥቁን ለሁለት ሦስት ሳምንት ይደፍነዋል። ሻጭ ገዢ እስኪያገኝ ማለት ነው። ከመግዛትህ በፊት ማን አየልህ?»

«ማንም።»

«አንተ? አንተ ሾፌሩ?»

«ጎረቤቴ እኮ ነው የሸጠልኝ» አለ አባቷ። «የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ልጆቻችን አብረው ነው ያደጉት። ‹ቆይ መካኒክ ላምጣ› ልበለው? ሰው ጎረቤቱን በመካኒክ ያስፈትሻል?»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለ መካኒኩ። ወዲያው ግን የተናገረው ነገር ራሱን ከበደውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይዞህ። ያየሁትን በወረቀት እጽፍልሃለሁ። የሸማቾች መብት ቢሮ ይዘኸው ሂድ።»

ፌንጣ ከዚህ በኋላ የተባለውን በደንብ አልሰማችም። ማሸጊያ፣ ጠርሙስ። ይህን ነገር ከአንድ ወር በፊት ሰምታዋለች።

መኪናዋ ከመሸጧ ከሦስት ቀን በፊት ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ፣ ክፍል ውስጥም ከጎኗ የምትቀመጠው ቆቅ፣ የድምፅ መልእክት ላከችላት። «ስሚ ፌንጣ፣ መኪናችን ዛሬ መድኃኒት ጠጣች! ጠርሙሱን ያስገዛኝ አባዬ ነው። ስታንጠባጥብ የነበረችው ውሃ ቀጥ አለች። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል!» ፌንጣም እየሳቀች በድምፅ መለሰችላት። «ኧረ እኔ አልነግረውም! እሱ ሐሳቡን ከቀየረ እኮ እኔ በእግሬ መቅረቴ ነው!»

መኪናዋ እንድትገዛ ከቤተሰቡ ሁሉ የጓጓችው እሷ ነበረች። የሚያንጠባጥብ ራዲያተር ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ አይብስም ብላ ነበር። አልዋሸችም፤ ግን አልጠየቀችምም። አባቷ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኖታል። እናቷ ለመኪናዋ ስትል ከራሷ እናት የወረሰቻትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሸጣለች። አሁን ቤተሰቡ የሚበላው መኪናዋ የምታመጣውን ብቻ ነው።

የሸማቾች መብት ቢሮ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ውሉንም የመካኒኩንም ወረቀት አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«መኪናውን መቼ ተረከቡት?»

«ዛሬ ሃያ ስምንት ቀኔ ነው።»

«አቤቱታ በሠላሳ ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ነገና ከነገ ወዲያ ዝግ ነን። ስለዚህ ያለዎት ዛሬ ብቻ ነው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።» ጣቷን ውሉ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ላይ ‹ያለችበትን ሁኔታ አይቼና ወድጄ ተረክቤያለሁ› ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ይቺ መስመር አታድነውም። መኪናውን መልሰው ገንዘብዎን የመጠየቅ መብት አለዎት። ማወቁን ማስረዳት ግን የእርስዎ ፈንታ ነው። የመካኒኩ ወረቀት ማሸጊያ መኖሩን ይናገራል እንጂ ማን እንደጨመረው አይናገርም። ሻጩ ‹ገዢው ራሱ ነው የጨመረው› ብሎ ቢከራከርዎትስ?»

«እኔ? በገዛ መኪናዬ ላይ?»

«እኔ አላልኩም አባት፣ እሱ ይላል ነው የምልዎት። ምስክር አለዎት? ጽሑፍ? መልእክት?»

«የለኝም» አለ አባቷ።

ስልኩ ፌንጣ ቦርሳ ውስጥ ነበር። «አለን» ማለት ነበረባት። አባቷ ወረቀቶቹን ሲያጣጥፍ እያየች ቦርሳዋን ይበልጥ ጥብቅ አድርጋ አቀፈች፣ ለዚህም ራሷን ጠላችው።

አባቷ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ አሁንም አላለቀሰም፣ ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

«በቃ» አለ። «ብረት ገዢ ጠርቼ በኪሎ ልሽጣት። ነገ ደግሞ የብረቷንም ዋጋ አታወጣ ይሆናል።»

«አባዬ፣ ትንሽ ቆይ…»

«ምን እቆያለሁ ልጄ? ማንን እጠብቃለሁ?» ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናት። አየውና ሳያነሳው ኪሱ ከተተው። «ሥራ ዋለ ብላ ነው የምትጠብቀኝ። አንቺ እንዳትነግሪያት፣ እኔ ነኝ የምነግራት።»

«ቤት ደርሼ ጋራዥ እመጣለሁ» አለችውና ሮጠች።

ቆቅ በራቸው ላይ ነበረች። ቆቅ ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ነገር ከሩቅ ይሸታታል። የመኪናዋን መቆም ሰምታ ኖሮ ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ያቺን ድምፅ አጥፍተሻታል አይደል?»

«አላጠፋኋትም።»

«ፌንጣ፣ አትቀልጂ። አባዬ ከሰማ ቤት አያሳድረኝም፣ ሙች!»

«ቴስታታው መሰንጠቁን ታውቂ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የተላክሁትን ገዛሁ! መካኒክ ነኝ እንዴ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ደግሞ አንቺስ? አንቺም ሰምተሻል። ስቀሻል። ‹አልነግረውም› ያልሽው በገዛ አፍሽ ነው። የኔን ካሰማሽ ያንቺም ይሰማል፣ አውቀሽ ግቢበት።»

ፌንጣ ይህንኑ ነው መንገዱን ሙሉ ስትሸሸው የመጣችው።

«ሆድ ይፍጀው» አለች ቆቅ እጇን ይዛ። «የትልቅ ሰው ጣጣ ነው። እኛ ምን አገባን? በናትሽ።»

«የመጣሁት ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

«ልትነግሪያቸው ነው ማለት ነው?»

«እኔንጃ» አለች ፌንጣ። እውነቷን ነበር። ቆቅ እጇን ለቀቀቻትና ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፍና ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስታለቅስ የምታባብላት ፌንጣ ነበረች። ዛሬ ግን ጥላት ሄደች።

ጋራዡ እስክትደርስ አንድ መላ አግኝታ ነበር። የቆቅን መልእክት ብቻ ለአባቷ ታሰማዋለች፣ የራሷን ከሁለቱም ስልክ ታጠፋዋለች። ማን ያውቃል? ቆቅ ‹እሷም መልሳልኛለች› ብትል ማን ያምናታል? መላው ቀላል ነበር፤ ቅለቱ ግን ደረቷን አላቀለለውም።

ብረት ገዢው ቀድሟት ደርሷል። የጭነት መኪናውን ጀርባ አዙሮ፣ ሰንሰለቱን ከግራጫዋ መኪና ፊት እያሰረ ነው።

«እኔ በክብደት ነው የምገዛው ወንድሜ» ይላል። «ሞተር ምናምን የሚባል ነገር አላውቅም።»

መካኒኩ ጥግ ቆሞ መፍቻዎቹን በጨርቅ ይወለውላል፤ ማየት አልፈለገም። አባቷ የውስጥ መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለውን የታናሽ ወንድሟን ፎቶ እየፈታ ነበር።

«አባዬ፣ አትስጠው» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ማስረጃ አለኝ። ሰዓቱ ሳይሞላ እንመለስ።»

«የምን ማስረጃ?»

ስልኩን አወጣች። የራሷን ድምፅ ገና አላጠፋችውም፤ አሁን ልታጠፋው ትችላለች፣ ሁለት ጊዜ መንካት ብቻ ነው። አባቷ ፎቶውን እንደያዘ ቀረባት። ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ተስፋ ብልጭ ብሎ ነበር፤ ያንን ተስፋ እያየች የራሷን ነውር መሸሸግ አቃታት። የቆቅን መልእክት ከፈተችው።

«ስሚ ፌንጣ፣ መኪናችን ዛሬ መድኃኒት ጠጣች!…»

መካኒኩ መወልወሉን ተወ። ብረት ገዢውም ሰንሰለቱን እንደያዘ ቀና አለ። አባቷ ጆሮውን ወደ ስልኩ አዘንብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አንድ መልእክት ሲያልቅ ስልኩ ቀጣዩን ራሱ ነው የሚከፍተው። ማቆሚያው አውራ ጣቷ ሥር ነበር። ፌንጣ ሳትጫነው ጣቷን አነሳች።

«ኧረ እኔ አልነግረውም!…» ሳቁ የጋራዡን ቆርቆሮ ሞላው።

አባቷ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው?»

«አዎ አባዬ። የኔ ነው።»

ቢቆጣ በወደደች። ቢመታትም በወደደች። እሱ ግን ዓይኑን ከሷ ሳያነሳ ለብረት ገዢው፣ «ሰንሰለቱን ፍታው» አለው። ወረቀቶቹን ከመኪናዋ ወንበር ላይ አነሳና ሳይጠብቃት ወጣ።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ፌንጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ከኋላው ሮጠች።

«ለቢሮዋ ሴትዮ ሁለቱንም ነው የማሰማት» አለችው።

አባቷ ዞር ብሎ አላያትም፤ እርምጃውን ግን ቀነስ አደረገላት።