ሦስተኛው ጥሪ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ያችን ኩራዝ ዝቅ አድርጓት፤ ጋዝ ውድ ነው፣ ፍርሃት ደግሞ በነፃ ነው።

ሰዓቱ ልክ እንዳሁኑ ነበር። ጨረቃ የለች፣ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ። መንገዱስ? መንገዱ ውሃ ነው። ውሃ ላይ ዳና የለም፣ "ወንድሜ፣ በየት ልሂድ?" ብለህ የምትጠይቀው መንገደኛም የለም።

በዚያ ውሃ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይቀዝፋል። ጓንጉል ይባላል። ጎበዝ ነው። ጎበዝ መሆኑን በምን አወቅን? ራሱ ነግሮን።

ይህ ጓንጉል ቀዘፋ ሲጀምር አባ ውቤ የሚባሉ ሽማግሌ ቀዛፊ መክረውት ነበር። "ልጄ፣ ታንኳህን ከውሃ አውጥተህ ሳታደርቅ አትሂድ። ሲመሽ ዳርቻው ከዓይንህ አይራቅ። ውሃ ላይ በስምህ ከጠሩህ ደግሞ በመጀመሪያው መልስ። የሚፈልግህ ሰው የሚያገኝህ በድምፅህ ነው።"

ጓንጉል ሳቀ። "በጨለማ ሦስቴ ሳይጠሩት 'አቤት' የሚል ሞኝ ነው አባ። ጋኔን እንደሆነ ሦስቴ አይጠራም።"

"እሱ የየብስ ወግ ነው፣ ልጄ።"

"እሺ አባ" አለ። እሺታው ከደጃፉ አላለፈም።

አንድ ቀን ወደ ማዶ ተሻግሮ ተዝካር ሄደ። ታንኳው የደንገል ናት። ደንገል ካላደረቁት ውሃ ይመጥጣል። ጎበዙ ግን ውሃው ላይ አስሯት ገባ። እሱ ጠላ ሲጠጣ እሷ ውሃ ስትጠጣ፣ ሁለቱም ጠግበው ዋሉ። ሲመሽ "እደር" አሉት። ጓንጉል ያድራል? ሰው ምን ይለዋል? ዳር ዳሩን መሄድ ይረዝማል ብሎ መሐል ለመሐል ቀዘፈ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። መጀመሪያ ጸጥ ያለ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። ከዚያ ዳርቻው ጠፋ። ከዚያ ያቺ የጠገበች ታንኳ ዝቅ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ውሃው ጭኑ ላይ ደረሰ። አሁን ጓንጉል ፈራ። ሚስቱን አሰበ። መኖር አማረው።

ያን ጊዜ ከሩቅ ድምፅ መጣ።

"ጓንጉል!"

መለሰ? አልመለሰም። በልቡ "አንድ" አለ።

"ጓንጉል!" አሁን ቀረብ ብሏል።

መለሰ? "ሁለት" አለ። እየሰጠመ ይቆጥራል፤ ብልህ አይደል?

የሚጠራውስ ማን ነበር? ካሴ ነበር፣ የሚስቱ ወንድም። ነፋሱ ሲነሣ እኅቱ አልቅሳ ላከችው፤ በደረቅ ታንኳ እየዞረ ይፈልገዋል። ሁለቴ ጠራ። መልስ ሲያጣ "እዚህስ የለም" ብሎ በሌላ በኩል ዞረ።

ጓንጉል ቀዘፋው ሲርቅ ሰማ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ታንኳዋ ከኋላ በኩል ሰው እንደወጣባት ዘመም አለች። ማጅራቱን ቀዝቃዛ ትንፋሽ ነካው። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ በካሴ ድምፅ፣ ከጆሮው ሥር፦

"ጓንጉል።"

ሦስት ሞላ። ጋኔን እስከ ሦስት መቁጠር አያውቅም ያለው ማነው?

"አቤት" አለ ጓንጉል።

ያን "አቤት" ካሴ ሰምቶታል። ሦስተኛ እንዳልጠራ ግን እስኪሞት ድረስ ሲምል ኖረ። ድምፁን ተከትሎ ቀዘፈ፣ ደረሰ። ታንኳዋ አለች። መቅዘፊያው አለ። ጓንጉል የለም።

እንግዲህ ጎበዞች፣ ታንኳችሁን አታድርቁ፣ ዳርቻውንም ተዉት፣ ብቻችሁን ሂዱ። እኔ ምን ቸገረኝ? የማወራው የብስ ላይ ተቀምጬ ነው። ውሃ ላይ ሲጠሯችሁ ግን ስለ እናታችሁ ብላችሁ በመጀመሪያው መልሱ። ሚስቱ ያን ሌሊት ያለቀሰችውን የሰማ ሰው በዚህ አይቀልድም።

የጓንጉልን ስም በጨለማ አንጠራም ነበር። ዛሬ ስንቴ ጠራሁት?

እስቲ ዝም በሉ።

ከናንተ ማንኛችሁ ነው "አቤት" ያለው?