ሰማያዊው ገብስ

በሐመልማ መንግሥት ሰማያዊ ኮከብ ወድቆ በእርሻው ላይ እንደ ዱቄት በተነሰነሰ በሰባተኛው ዓመት፣ ጎተራዎች ያበሩ ጀመር። ክዳናቸው በተከፈተ ቁጥር በጨለማው ውስጥ ያለው ገብስ ለዓይን የሚያሳሳ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ነበር። ሊቃውንቱ «ሰማይ ባረከን!» ብለው ነጋሪት አስጎሰሙ፤ ሕዝቡም እሰይ እያለ በላ። እንዲህ አምሮ የመጣን መርዝ ማን ይጠረጥራል?

የትርንጎ ታናሽ እህት ብርቄም በላች። ብዙም ሳይቆይ ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር እየወጣ ቀረ፤ ድዷ ይደማ ጀመር፤ ከመደብ ተነሥታ ደጅ መውጣት አቃታት። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ትርንጎ ከእርሷ በቀር ሰው አልነበራትም፤ ስለዚህ ፈራች፣ በጣም ፈራች።

ንጉሥ ዘረብርሃን ጉባኤ ጠርቶ ከዙፋኑ ተነሥቶ ቆመ። «ከጨው ተራራ ሥር ያለው አውሬ እስትንፋሱን ልኮ ልጆቻችንን እየጨረሰ ነው! ልቡን ወግቶ የሚያመጣልኝ ማነው?»

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ እሄዳለሁ!» አለች ትርንጎ ጦሯን ወደ ሰማይ አንሥታ። «የእህቴን መድኃኒት ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ፤ ስሜም ከሰው አፍ ይጥፋ!»

ጦር ውርወራ ያስተማራት አንድ ዓይናው አርበኛ ደግፌ አብሯት ወጣ። ነሐስ ምንቃር ያላቸውን አሞሮች እየተከላከሉ ዐሥራ ሁለት ቀን ተጓዙ፤ ደግፌ ትከሻው ቆስሎ እንኳ አንድ ጊዜ እንመለስ አላለም። ከተራራው ሥር ባለው ዋሻ ሲገቡ ያገኙት ግን እንደ ጠበቁት አስፈሪ አውሬ አልነበረም። ቤት የሚያህል ዕውር ፍልፈል ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን ሥሮች በምላሱ እየቀመሰ ተቀምጧል።

ትርንጎ ጦሯን አነጣጠረች።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ሥሩን ትወጊብኛለሽ» አላት ፍልፈሉ።

ግራ ገባት። የመጣችው ልትገድለው ነው፤ እርሱ ደግሞ ልጄ ይላታል። «አንተ... እርስዎ... መርዙን የላኩብን እርስዎ አይደሉም?»

«መርዙማ ከኮከቡ ነው። አፈሩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሥር ደግሞ እንደ እኔ ዓይን የለውም። ዘወትር የሚራበው አንድ ጨው አለ፤ ከእንጨት አመድ የሚገኝ። የኮከቡ ዱቄት ጣዕሙ ያንኑ ጨው ይመስላል። የጠገበ ሥር እምብዛም አይነካውም፤ የተራበ ግን እየተሳሳተ ይጎርሰዋል፣ ወደ ፍሬውም ያወጣዋል። ምድራችሁን እንዲህ ያስራባት ማነው?»

ትርንጎና ደግፌ ተያዩ። በሐመልማ አመድ የሙታን ድርሻ ነበር። በየወሩ መባቻ የየምድጃው አመድ በረጅም አካፋ ተዝቆ ወንዝ ይጣላል። እጁ የነካው ሰው እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ከቤት አይገባም፣ ስሙም አይጠራም። ልማዱ ከቅድመ አያቶቻቸው በፊት የነበረ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«ታዲያ እኔ ማንን ልውጋ?» አለች ትርንጎ።

«እኔን መውጋት ትችያለሽ። ገብሱ ግን አይለወጥም። ይልቅ ከሩቅ ደን እንጨት አስመጥተሽ አመዱን ከአፈሩ ጋር በእጅሽ እያሸሽ ለእርሻው አብዪው። የእርሻውን ገለባ ግን እንዳታቃጥሉ፣ መርዙ ከአመዱ ጋር ይመለሳል። ያን ገለባና የሚያበራውን እህል ለእኔ ላኩልኝ፤ ከጨው በታች እቀብረዋለሁ።»

ወደ ሐመልማ ተመልሰው ሲነግሩት ንጉሡ ከእርሷ የባሰ ግራ ተጋባ። «አውሬ ግደዪ ብዬ ብልክሽ አመድ ልበትን ትይኛለሽ? መልካም፤ አንድ እርሻ ወስደሽ ሞክሪ። ሕጉ ግን ሕግ ነው። አመድ ከነካሽ ሞተሻል!»

ትርንጎ የተኛችውን ብርቄን ግንባሯን ስማ ወጣች። ከእርሻው ጫፍ ሲደርሱ ደግፌ ቆመ፤ ያ ጦር የማይፈራ ሰው ወደ አመዱ ክምር አንድ እርምጃ አልቀረበም።

«ጋሼ ደግፌ፣ አይመጡም?»

«እኔ... ልጄ፣ አልችልም» አለና ፊቱን አዞረ። ትርንጎም ከሩቅ ደን ተጭኖ በመጣው እንጨት አመድ ውስጥ እጇን ከተተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን የጠራ አልነበረም።

የዚያ እርሻ አዝመራ ተሰብስቦ ጎተራው ሲከፈት ውስጡ ጨለማ ሆነ። ሕዝቡ በረከታችን ጠፋ ብሎ አለቀሰ፤ ሊቃውንቱም አብረው አለቀሱ። ብርቄ ግን ያንን የማያበራ ገብስ እየበላች ድዷ መድማት አቆመ፣ ከመደቧም ተነሣች። ሌሎቹም ልጆች እንደዚያው። ንጉሡ ይህን ባየ ጊዜ የሚያበራው እህል ሁሉ ወደ ጨው ተራራ እንዲጫን፣ አመዱም ከየእርሻው ዳር እንዲደረደር አዘዘ። ሕጉን ግን አልሻረም። ሰዎች አመዱን በገል እያስቀመጡ፣ የሚበትነውን ሰው ላለማየት አንገታቸውን ደፍተው ይሄዱ ጀመር። ትርንጎ ከእርሻው ዳር ጎጆ ቀልሳ ሁለት ዓመት ብቻዋን ኖረች፤ እህቷ በሰው መካከል መኖሯን እያሰበች ትጽናና ነበር።

አንድ ማለዳ ከተደረደሩት ገሎች በአንዱ አመድ ላይ የእጅ አሻራ አየች። አምስት ጣት፣ ጠልቆ የታተመ። ቀና ስትል ብርቄ ቆማለች፤ ፀጉሯ አጥሮ በቅሏል፣ ክንዷ እስከ ክርኑ አመድ ነው።

«ትርንጎ» አለቻት።

ትርንጎ ስሟን ስትሰማ የያዘችውን አካፋ ጣለች። ከዚያ ጮኸች፤ «ምን አደረግሽ? ይህን ሁሉ የሆንኩት አንቺ ከሰው እንዳትለዪ አልነበረም?»

«ሰው ያልሽው ማንን ነው?» አለች ብርቄ። «ስምሽን እንዳልጠራ የሚከለክሉኝን?»

ትርንጎ ያሸነፈችው ተወስዶባት ይሁን ተመልሶላት መለየት አልቻለችም። እንባዋን ልትጠርግ ስትል ፊቷን አመድ በአመድ አደረገችው፤ ብርቄም ሳቀች።

«በይ አካፋውን ስጪኝ» አለቻት። «ይኼ ማሳ ገና አልጠገበም።»