አባቷና ቁራኛው

ተሻለች በር ላይ ቆማ ያየችውን ማመን አቃታት። አባቷ አቶ ገብረወልድ ከዳኛ ዘንድ ሲመለሱ ግራ እጃቸው በሰንሰለት ታስሯል፤ በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ደግሞ የሁንዴ ቀኝ እጅ አለ። የምትወደው ሰው በመጨረሻ የአባቷን ደጃፍ ረገጠ፤ እንዲህ ሆኖ ይገባል ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም።

የዘመኑ ሥርዓት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ ቁልፉ ከሳሽ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ክሱ የበቅሎ ስርቆት ነበር። የአቶ ገብረወልድ ዳማ በቅሎ ከበረት በጠፋች ማግስት ልጓሟ ሁንዴ ቤት ተሰቅሎ ተገኘ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ልጓሙን ለሁንዴ የሰጠችው ተሻለች ነበረች።

የተዋወቁት ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ነው፤ እሱ የአባቷን የቆዳ ንግድ ጭነት ፉርጎ ላይ ሲያወጣ፣ እሷ ለአባቷ ምሳ ይዛ መጥታ። ሁንዴ ከዓለም ጤና የመጣ፣ ጭነትም የሚሸከም፣ ጠፍርም የሚሰፋ ወጣት ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከቤት የምትወጣበት ሰበብ ያጣችው ልጅ ደህናውን ልጓም ራሷ በቢላ በጠስ አድርጋ፣ አመሻሽ ላይ በጓሮው የቁልቋል አጥር ሥር «ስፋልኝ» ብላ ሰጠችው። ዓይን ለዓይን እስከማይተያዩ ድረስ አወሩ። በዚያው ምሽት በረቱን ማን እንደከፈተው እግዜር ይወቅ።

ሁንዴ ይህን ቢናገር ነጻ ይወጣ ነበር። ያልታጨች ልጅ አጥር ሥር ከወንድ ጋር አመሸች ከተባለ ስሟ ምን እንደሚሆን ስለሚያውቅ አልተናገረም። እሷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እንኳ ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተክሎ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ዝም አለች፤ በዝምታዋም አፈረች።

ቁራኛ ቤት ሲገባ ጉድ ነው። ሁንዴ በጎረሰ ቁጥር የአቶ ገብረወልድ ግራ እጅ አብሮ ወደ ገበታው ይወርዳል፤ አብሮ ይነሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሰውየው ሆን ብለው ሰንሰለቱን እየሳቡ ጉርሻውን ከአፉ ያስመልሱበት ነበር። እሱ አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አቶ ገብረወልድን ወባ ጣላቸው። ሁንዴ በነጻ እጁ ጨርቅ ውሃ ውስጥ እየነከረ ግንባራቸው ላይ ያደርግላቸው ጀመር። ቀትር ላይ ትኩሳቱ በረታና ዓይናቸውን ከደኑ። ተሻለች ቁልፉን ከአባቷ አንገት አወለቀች።

«ሂድ» አለችው። «የድሬዳዋው ባቡር አሁን ይደርሳል።»

«ብሸሽ ሌባ ነኝ።»

«እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ልጓሙን የሰጠሁህ እኔ አይደለሁ?»

«አንቺማ ታውቂያለሽ፤ እሳቸው ግን አያውቁም። ነገ ልጅዎን ይስጡኝ ብዬ የምመጣው በምን ፊቴ ነው?»

ቁልፉን ከእጇ ወስዶ ወደ አባቷ አንገት መለሰው። ተሻለች ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በፍርዱ ቀን ጣቢያው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። ዳኛው አቶ መርዳሳ ልጓሙን ከፍ አድርገው አሳዩና ከማን እንዳገኘው፣ ያን ምሽትም የት እንደነበረ ሁንዴን ጠየቁት።

«አልዋሽም» አለ ሁንዴ። «ግን አልናገርም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ከሕመማቸው ገና ያላገገሙት አቶ ገብረወልድ በትራቸውን ተደግፈው ሊናገሩ ሲነሱ፣ ተሻለች ነጠላዋን አደግድጋ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። እግሯ እንዴት እዚያ እንዳደረሳት አታውቅም።

«ልጓሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያን ምሽት ከእኔ ጋር ነበር።»

አንዲት ሴት በእጇ አፏን ያዘች። ተሻለች አባቷ በትራቸውን እስኪያነሱባት ጠበቀች።

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ገብረወልድ።

አሁን ክው ያለችው እሷ ናት።

«የታመምኩ ቀን የተከደነው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልነበረም። ስምሽ ሳይነሳ ክሴን ትቻለሁ ልል ነበር። ምነው ጥቂት በታገሥሽ?»

«ቢተዉት ይቅር የተባለ ሌባ ሆኖ ይቀር ነበር፣ አባዬ። እሱ ደግሞ ሌባ አይደለም።»

አባት ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ሰንሰለቱን በገዛ እጃቸው ፈቱ፤ ያለ ጥፋቱ እንደከሰሱትም የኋላው ሰው ሳይቀር እንዲሰማ ጮክ ብለው ተናገሩ።

መታማቷ አልቀረም። ሁንዴ ሽማግሌ ልኮ እስኪያገባት ድረስ ገበያ በወጣች ቁጥር የሚጠቋቆሙባት ነበሩ። በቅሎዋ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

የመልሱ ቀን ሙሽራው ከአማቱ አጠገብ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሊያነሳ ቀኝ እጁን ወደ ገበታው ሲሰድ፣ የአቶ ገብረወልድ ግራ እጅ ሳያስቡት አብሮ ወረደ።