የሾላው ዋጋ

«ስንት አልሽ?» አሲያ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘች ከግንዱ ማዶ ጮኸች።

ፌኔት ቁጥሩን አይታዋለች፤ ሦስት ሜትር ከስልሳ ነው። አፏ ግን «አንድ ከስልሳ» አለ።

ሁለቱ ጓደኛሞች ከትምህርት ቤታቸው ክበብ ጋር እዚያው በሚኖሩባት ዓለም ገና ከተማ የወጡት ሊሰፋ በታሰበው መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች ለመለካት ነበር። የክበቡ መምህር ኦቦ ነገሳ ጠዋት አስረድተዋቸዋል፦ ግንዱ በወፈረ ቁጥር ጥላው ይሰፋል፣ የሚያስቀረው ጎርፍና አቧራ ይበዛል፤ ይህ ሁሉ በብር ይተመናል። መንገዱ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚቆረጡት ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ናቸው።

ፌኔት ይህ ሾላ እንዲቆረጥ ትፈልጋለች። አምና ታናሽ ወንድሟ ኢፋ ፍሬውን ሊለቅም ወጥቶ፣ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ወደቀ፤ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ እቤት ስሙን የሚያነሳ የለም። እናቷ ገበያ የምትሄደው ዙሪያ ጥምጥም በኋላ መንገድ ነው። ፌኔት ደግሞ ክፍል ተቀምጣ እንኳ ቅርንጫፉ ቋ ብሎ ሲሰበር ይሰማታል።

አሲያ ዞራ መጣችና ግንዱን አየችው። «ኧረ ፌኒ! ይሄንን እኮ ሁለታችን ተያይዘንም አናቅፈውም።»

«ይቆረጥ! አንቺ ብቻ ዝም በይልኝ።»

አሲያ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ አልጻፈችም።

ያኔ ከላይ፣ ከቅጠሉ መሀል፣ አንድ ቀጭን ድምፅ «ኢፋ!» አለ።

ፌኔት ቀና ማለት ፈራች። «ሰማሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ኢፋ ጋ ቁም! ከኢፋ እንዳታልፍ!»

አሲያ ቅጠሉን ገለጥ አደረገች። አንዲት ትንሽ ልጅ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ከበላይዋ ለሚወጣው ወንድሟ ትጮሃለች። ልጁ አንድ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ጉቶ ጋ ደርሶ ቆሟል።

«ኢፋ ማነው?» ፌኔት ጠየቀች።

«ይሄ ነዋ!» ልጁ ጉቶውን መታ መታ አደረገው። «ከሱ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ይከዳል። ትልልቆቹም አያልፉትም።»

«ማን ነው ኢፋ ብሎ የጠራው?»

«እኔንጃ። ሁሉም ኢፋ ነው የሚለው።»

ፌኔት የወንድሟን ስም ከሰው አፍ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! እዚህ ግን፣ እሷ ስትሸሸው በኖረችው ዛፍ ላይ፣ በየቀኑ ሲጠራ ከርሟል። የሜትሩን ጫፍ ወደ አሲያ ዘረጋች።

«አሲ፣ ሜትሩን ያዢልኝ።»

«እንደገና?»

«እንደገና።»

ጉንጯ ሻካራውን ቅርፊት እስኪነካ ተጠግታ ሜትሩን አዞረች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። እውነተኛውን ቁጥር ግን እላይ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብላ ጠራችው።